የግል ፓይለት ፈቃድ ከአገር አገር

የግል ፓይለት የሚባለው ደመወዝ ሳይቀበል፣ ሰውም አስከፍሎ ሳይጭን፣ ለራሱ ጉዳይ ወይም ለበረራ ካለው ፍቅር የተነሣ ትንሽ አውሮፕላን የሚያበር ሰው ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ፓይለት ሲባል ቶሎ የሚታወሰው የአየር መንገዱን የደንብ ልብስ የለበሰ ካፒቴን ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ አብራሪ መኖሩ ራሱ ለብዙ ሰው እንግዳ ነገር ነው። በአሜሪካ፣ በአውሮፓ፣ በደቡብ አፍሪካ፣ በጎረቤት ኬንያም ግን ሐኪሙ፣ ገበሬው፣ ነጋዴው አራት ሰው በምትይዝ አውሮፕላን ከከተማ ከተማ ሲበር ማየት የተለመደ ነው። እነዚህ ሰዎች የአገራቸውን ድንበር ለመሻገር ሲነሡ ከነፋሱና ከደመናው ይልቅ ብዙውን ጊዜ የሚያስቸግራቸው ወረቀቱ ነው።

ነገሩን በቅርብ ለማየት አንድ ምሳሌ ይበቃል። ከደቡብ ጎንደር፣ ከታች ጋይንት ወረዳ ሄዶ ኑሮውን በአሜሪካ ቨርጂኒያ ያደረገ ሰው በትርፍ ጊዜው ተምሮ የአሜሪካን የግል ፓይለት ፈቃድ አወጣ እንበል። ይህ ሰው አንድ ቀን ባሕር ዳር ላይ በኢትዮጵያ የተመዘገበች ትንሽ አውሮፕላን አግኝቶ፣ የተወለደባትን አርብ ገበያን ከሰማይ ሊያይ ቢመኝ በኪሱ ያለው ፈቃድ ይበቃዋል ወይ? አይበቃውም። ለምን እንደማይበቃው ለመረዳት ፈቃዱ ኃይሉን ከየት እንደሚያገኝ ማየት ያስፈልጋል።

የዓለም የበረራ ሕግ መሠረት የተጣለው ኅዳር 28 ቀን 1937 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 7 ቀን 1944፣ በአሜሪካ ቺካጎ ከተማ በተፈረመው ስምምነት ነው። ይህንን ስምምነት የሚያስፈጽመው የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ በአጭሩ አይካኦ፣ መቀመጫው በካናዳ ሞንትሪያል ሲሆን 193 አባል አገሮች አሉት፤ ኢትዮጵያም ከቀደምቶቹ አንዷ ናት። የስምምነቱ የመጀመሪያ አንቀጽ እያንዳንዱ አገር ከመሬቱ በላይ ባለው ሰማይ ላይ ሙሉ ሉዓላዊ ሥልጣን እንዳለው ይደነግጋል። የቀረው ሕግ ሁሉ ከዚህ ይመነጫል። ሰማዩ ለዓይን ወሰን የለውም፤ በሕግ ግን እንደ እርሻ ማሳ ባለቤት አለው።

ስለ ፓይለቶች ፈቃድ የሚናገረው አንቀጽ 32 ነው። በዚህ አንቀጽ መሠረት ድንበር ተሻግሮ የሚበር አውሮፕላን አብራሪ ፈቃዱን ማግኘት ያለበት አውሮፕላኑ ከተመዘገበበት አገር ነው፤ ወይም የሌላ አገር ፈቃዱን ያው አገር ሊያጸድቅለት ይገባል። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። የመኪና መንጃ ፈቃድ የሚታየው መንገዱ በሚገኝበት አገር ሕግ ነው፤ ጎንደር ላይ የሚነዳ ሰው የኢትዮጵያ ትራፊክ ፖሊስ የሚቀበለው መንጃ ፈቃድ ይኖረዋል። የፓይለት ፈቃድ ግን በመጀመሪያ የሚከተለው አውሮፕላኑን ነው። አውሮፕላን እንደ ሰው ዜግነት አለው፤ በአንድ ጊዜ በሁለት አገር ሊመዘገብ አይችልም፤ ዜግነቱም በጎኑ ወይም በጅራቱ ላይ በሚጻፉ ፊደላት ይታወቃል። የኢትዮጵያ አውሮፕላኖች ምልክት «ኢቲ»፣ የአሜሪካኖቹ «ኤን» በሚባሉት የላቲን ፊደላት ይጀምራል።

እንግዲህ የቨርጂኒያው ሰው በ«ኤን» የተመዘገበ አውሮፕላን እያበረ ቢመጣ የአሜሪካ ፈቃዱ ለዚያ አውሮፕላን ይሠራል። በ«ኢቲ» ለተመዘገበ አውሮፕላን ግን የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ፈቃዱን ካላጸደቀለት ወይም የራሱን ፈቃድ ካልሰጠው በስተቀር መሪውን መያዝ አይችልም። ሌላም ረቂቅ ነገር አለ። አንቀጽ 32 አንድ አገር ለገዛ ዜጎቹ በሌላ አገር የተሰጠን ፈቃድ፣ በራሱ ግዛት ላይ ለሚደረግ በረራ፣ አልቀበልም የማለት መብት ይሰጠዋል። ስለዚህ ግሪን ካርድ ይዞ ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን የጠበቀ ሰውና የአሜሪካ ዜጋ የሆነ ወንድሙ አንድ ዓይነት ፈቃድ ይዘው በአንድ አውሮፕላን ቢመጡ እንኳ በሕግ ፊት የሚታዩት በተለያየ ዓይን ሊሆን ይችላል።

ፈቃዱ ከአገር አገር ጨርሶ የተራራቀ እንዳይሆን የስምምነቱ አባሪ 1 ዝቅተኛውን መለኪያ ወስኗል። የግል ፓይለት ቢያንስ 17 ዓመት የሞላው ሊሆን ይገባዋል። ቢያንስ 40 ሰዓት መብረር አለበት፤ እውቅና ባለው ትምህርት ቤት በሥርዓት የተማረ ከሆነ 35 ሰዓት ይበቃዋል። ከዚህ ውስጥ 10 ሰዓት አስተማሪ ከጎኑ ሳይኖር ብቻውን የሚበርበት ሲሆን፣ ከነዚህም 5ቱ ሰዓት ከመነሻው ርቆ የሚጓዝበት ነው። አንዱ ጉዞ ቢያንስ 270 ኪሎ ሜትር ሆኖ በመንገዱ ሁለት የተለያዩ ማረፊያዎች ላይ አርፎ መነሣትን ይጠይቃል። ይህንን በአገራችን ካርታ ላይ ብናሳየው፣ ከባሕር ዳር ተነሥቶ ጎንደር፣ ከዚያ ላሊበላ አርፎ ወደ ባሕር ዳር የሚመለስ ተማሪ ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚበር መስፈርቱን አሟልቶ ይተርፈዋል። ከላሊበላ ወደ ባሕር ዳር በቀጥታ የሚወስደው መስመርም ከነፋስ መውጫና ከጉና ተራራ ብዙም ሳይርቅ በጋይንት ሰማይ ላይ ያልፋል።

ከበረራው ሰዓት ጎን ለጎን የሕክምና ምስክር ወረቀት አለ። ለግል ፓይለት የሚጠየቀው ሁለተኛ ደረጃ የሚባለው ምርመራ ሲሆን ዓይን፣ ጆሮ፣ ልብና የአእምሮ ጤና ይታይበታል። በዓለም አቀፉ መለኪያ ዕድሜው ከ40 በታች ለሆነ ሰው ለ60 ወር ያገለግላል፤ ከዚያ በላይ ለሆነው ወደ 24 ወር ያጥራል፤ በአውሮፓ 50 ዓመት የሞላው ሰው በየዓመቱ ይመረመራል። ቋንቋም ሌላው በር ነው። ከየካቲት መጨረሻ 2000 ዓ.ም. ወዲህ ድንበር ተሻግሮ በሬዲዮ የሚነጋገር አብራሪ በስድስት ደረጃ ከተከፈለው መለኪያ ቢያንስ አራተኛውን ማለፍ አለበት፤ አራተኛ ደረጃ ላይ ያለ ሰው በየሦስት ዓመቱ እንደገና ይፈተናል፤ ስድስተኛ ላይ የደረሰ ዳግም አይጠየቅም።

ሰዓቱም የራሱ ጣጣ አለው። በበረራ መዝገብና በበረራ ዕቅድ ላይ የሚጻፈው የዓለም ሁሉ የጋራ ሰዓት ነው። ባሕር ዳር ላይ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በመዝገቡ 12፡00 ተብሎ ይሰፍራል። በራሳችን የሰዓት አቆጣጠር ላደገ ተማሪ ይህ ሦስተኛ ሰዓት ነው፤ የእጅ ሰዓቱ፣ የፈረንጁ ሰዓትና የአብራሪው ሰዓት። የልደት ቀንም ከእኛ ዘመን ወደ ፈረንጁ ሲለወጥ በአንድ ቀን ቢዛነፍ ሰነዱ ከሰነድ ሳይገጥም ይቀራል። ከዚህ የሚብሰው የስም ጉዳይ ነው። የውጭ አገር ቅጽ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ ኢትዮጵያዊ ደግሞ የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለውም። በፓስፖርቱ ላይ አያቱ፣ በበረራ መዝገቡ ላይ አባቱ የመጨረሻ ስም ሆኖ ከተጻፈ፣ አንድ ሰው በወረቀት ሁለት ሰው ይሆናል። ፈቃድ ከአገር አገር ለማዛወር የሚነሣ ኢትዮጵያዊ ከሁሉ አስቀድሞ ይህንን ማስተካከል ይኖርበታል።

ዝቅተኛው መለኪያ አንድ ቢሆንም አገሮች በላዩ ላይ የየራሳቸውን ይጨምራሉ። በአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር 40 ሰዓት ይጠይቃል፤ ፈቃዱ ራሱ የጊዜ ገደብ የለውም፤ ነገር ግን ባለፈቃዱ በየ24 ወሩ ከአስተማሪ ጋር በርሮ ብቃቱን ማሳየት አለበት። ሰው ለማሳፈር ደግሞ ባለፉት 90 ቀናት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተነሥቶ ሦስት ጊዜ ያረፈ መሆን ይገባዋል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የሚፈለገው 45 ሰዓትና የዘጠኝ የትምህርት ዓይነቶች የጽሑፍ ፈተና ነው፤ አንድ ሞተር ላላቸው አውሮፕላኖች የሚሰጠው ብቃት በየሁለት ዓመቱ ይታደሳል። ደቡብ አፍሪካም 45 ሰዓት ትጠይቃለች። ከዓለም አቀፉ መለኪያ በታች የሆኑ ቀለል ያሉ ፈቃዶችም አሉ። አውሮፓ በ30 ሰዓት የሚሰጠው የቀላል አውሮፕላን ፈቃድ፣ አሜሪካም ለስፖርት በረራ የምትሰጠው ፈቃድ ከዚህ ወገን ናቸው። ዋጋቸው አነስ፣ ጊዜያቸው አጠር ስለሚል ብዙ ሰው ይመርጣቸዋል፤ ከሰጪዎቻቸው ክልል ውጭ ግን ተቀባይነት ያገኛሉ ተብሎ አይጠበቅም። ወደ አገሬ ይዤው እገባለሁ ብሎ የሚማር ሰው ከእነዚህ ቢጀምር ይከስራል።

የአንዱን አገር ፈቃድ በሌላው ማስጸደቅ ሦስት ዓይነት መንገድ አለው። አንዱ አገር የሌላውን ፈቃድ ለተወሰነ ጊዜ ያጸድቃል፤ ወይም በእሱ ላይ ተመሥርቶ የራሱን ፈቃድ ይሰጣል፤ ወይም እንደ አዲስ ፈትኖ ሙሉ በሙሉ ይለውጠዋል። አሜሪካ ለግል ፓይለቶች ሁለተኛውን መንገድ ከፍታለች። የኢትዮጵያ ፈቃድ ያለው ሰው ለአሜሪካ አስተዳደር ያመለክታል፤ አስተዳደሩ ፈቃዱ እውነተኛ መሆኑን ከአዲስ አበባ ያረጋግጣል፤ ከዚያ የአሜሪካ ወረቀት ይሰጠዋል። ይህ ወረቀት ግን ራሱን ችሎ አይቆምም፤ የኢትዮጵያው ፈቃድ ቁጥር ይጻፍበታል፤ ዋናው ፈቃድ ከተሰረዘ ወይም ከታገደ አሜሪካዊው ወረቀትም አብሮ ይወድቃል። አውሮፓ ጠበቅ ያለ ነው፤ ከኅብረቱ ውጭ የተሰጠ የግል ፈቃድን ለመለወጥ 100 ሰዓት የበረራ ልምድ፣ የሕግና የሰው አፈጻጸም ፈተና፣ የበረራ ፈተናም ይጠይቃል።

ይህ ሁሉ ማጣራት ከንቱ ጥርጣሬ እንዳልሆነ የፓኪስታን ነገር ያስረዳል። በ2012 ዓ.ም. ክረምት የአገሪቱ የአቪዬሽን ሚኒስትር ከ860 ፓይለቶች የ262ቱ ፈቃድ አጠራጣሪ ነው ብለው ለፓርላማ ተናገሩ። የአውሮፓ ኅብረት የፓኪስታንን ብሔራዊ አየር መንገድ ከሰማዩ አገደ፤ እገዳው የተነሣው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። በጥቂቶች ወረቀት ላይ የወደቀው ጥርጣሬ ላባቸውን አንጠፍጥፈው የተማሩትን ሁሉ አብሮ ጎዳ።

ፈቃድ የመንግሥት እንጂ የችሎታ ብቻ ማስረጃ አለመሆኑን ከሁሉ በላይ ያሳየችው ብሪታንያ ናት። እንግሊዛውያን የግል ፓይለቶች እስከ ታኅሣሥ 31 ቀን 2020 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ድረስ በአውሮፓ ኅብረት የጋራ ፈቃድ በፈረንሳይም በጀርመንም የተመዘገበ አውሮፕላን ያበሩ ነበር። አገራቸው ከኅብረቱ በመውጣቷ በማግሥቱ ያው ሰው፣ በዚያው እጁ፣ ያችኑ አውሮፕላን ማንሳት በሕግ ተከለከለ። የተለወጠው ፖለቲካው ነው፤ የአብራሪው ችሎታ ከትናንት አልቀነሰም።

በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን የሚመለከቱ የተለዩ ደንቦችም አሉ። በፈረንጆቹ መስከረም 2001 አውሮፕላኖችን የጠለፉት አሸባሪዎች በአሜሪካ የበረራ ትምህርት ቤቶች ተምረው ስለነበር፣ ከዚያ ወዲህ የአሜሪካ ዜጋ ያልሆነ ሰው የግል ፓይለት ሥልጠና ከመጀመሩ በፊት በትራንስፖርት ደኅንነት አስተዳደር በኩል የደኅንነት ማጣራት ማለፍ ይኖርበታል። ግሪን ካርድ ያለውም ሰው ከዚህ አያመልጥም። በዲቪ ሄዶ ሥራ እየሠራ የሚማር ሰው ይህንን ሳያውቅ ከትምህርት ቤት ጋር ውል ቢገባ ጊዜውን ያባክናል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሰፈሩባት በዋሽንግተን ዙሪያ ደግሞ ሰማዩ ራሱ ልዩ ነው። ከከተማዋ በ30 የባሕር ማይል ክልል ውስጥ ያለ በረራ ዕቅድ፣ የመለያ ቁጥርና የሬዲዮ ግንኙነት መግባት አይፈቀድም፤ በ60 የባሕር ማይል ውስጥ በእይታ የሚበር ሰውም ስለዚሁ ደንብ ልዩ ሥልጠና መውሰድ አለበት። በቅርቡ የመጣ ሌላ ግዴታም አለ። ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮ አድራሻው ከአሜሪካ ውጭ የሆነ የአሜሪካ ፈቃድ ባለቤት በአሜሪካ ውስጥ ሰነድ የሚቀበልለት ወኪል ማስመዝገብ ይጠበቅበታል፤ ካላስመዘገበ በፈቃዱ መጠቀም አይችልም። ተምሮ ወደ አገሩ የተመለሰ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነው።

ኢትዮጵያውያን ከበረራ ፈቃድ ጋር የተዋወቁት ከአብዛኛው አፍሪካ ቀድመው ነው። የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ የደረሰው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው፤ ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ ያበረረው ፖቴዝ 25 ከጅቡቲ ነበር የመጣው። በዓመቱ ገደማ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ፓይለቶች ሆኑ። ከጣሊያን ወረራ በፊት በረራ የተማረች የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ደግሞ ሙሉእመቤት እምሩ ናት።

በዚያው ዘመን አሜሪካ ውስጥ ጥቁር ሆኖ ፓይለት መሆን ምን ያህል ከባድ እንደነበር ማስታወስ ይገባል። ቤሲ ኮልማን የምትባል የቴክሳስ ተወላጅ በአገሯ የሚያስተምራት ትምህርት ቤት ስላጣች ፈረንሳይኛ ተምራ ወደ ፈረንሳይ ተሻገረች፤ ዓለም አቀፍ ፈቃዷንም በፈረንጆቹ ሰኔ 15 ቀን 1921 ከዚያ አገኘች። የራሷ አገር የከለከላትን ወረቀት ባዕድ አገር ሰጣት። የእሷን ፈለግ የተከተለው ጆን ሮቢንሰን ቺካጎ ውስጥ በዘሩ ምክንያት ከበረራ ትምህርት ቤት በር ተመልሶ ነበር፤ ተሟግቶ ገባ፤ ተመረቀ፤ ሌሎች ጥቁሮችንም አስተማረ። በ1927 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በጦርነቱ ጊዜ ትንሿን የአየር ኃይል መራ። ከነጻነት በኋላም ተመልሶ ኢትዮጵያውያን ወጣቶችን ሲያሠለጥን ቆይቶ፣ በመጋቢት 1946 ዓ.ም. በአውሮፕላን አደጋ ቆስሎ አዲስ አበባ ላይ አረፈ። ኢትዮጵያ ለዚህ ሰው የሚገባውን ያህል መታሰቢያ አላቆመችለትም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ የአገሪቱ የበረራ ታሪክ በአብዛኛው የዚህ ድርጅት ታሪክ ሆነ። ዲሲ 3 የሚባሉት አውሮፕላኖቹ በየአውራጃው የሣር ሜዳ ላይ ያርፉ እንደነበር የሚያስታውሱ አረጋውያን ዛሬም አሉ። የግል በረራ ግን እንዲህ አልሰፋም። ዛሬ በኢትዮጵያ የግል ፓይለት ፈቃድ የሚሰጠው የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ሲሆን፣ ደንቡ በዓለም አቀፉ መለኪያ ላይ የቆመ ነው። የሚያስተምሩትም የአየር መንገዱ የአቪዬሽን ዩኒቨርሲቲና እንደ አቢሲኒያ የበረራ አገልግሎት ያሉ የግል ትምህርት ቤቶች ናቸው። ነገር ግን ተማሪው የግል ፈቃዱን የሚያወጣው አብዛኛውን ጊዜ 200 ሰዓት፣ በተፈቀደ ተከታታይ ሥልጠና ደግሞ 150 ሰዓት ወደሚጠይቀው የንግድ ፓይለት ፈቃድ ለመሸጋገር ነው። በግል ፈቃዱ ረክቶ፣ ሌላ ሥራ እየሠራ የሚበር ሰው በጣት የሚቆጠር ነው።

ባለፈቃድ መሆን ብቻውን ድንበር አያሻግርም። የቺካጎ ስምምነት አንቀጽ 5 መደበኛ የጊዜ ሰሌዳ ለሌላቸው በረራዎች ወደ አባል አገር የመግባት መብት ይሰጣል፤ ሆኖም ብዙ አገሮች፣ ኢትዮጵያም ጭምር፣ አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅን ግዴታ አድርገዋል። ይህ ምን ማለት እንደሆነ በኅዳር 2009 ዓ.ም. ጋምቤላ ላይ ታየ። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ እንደ ፈረንጆቹ የተሠሩ ባለሁለት ደርብ ክንፍ አውሮፕላኖችን የያዘ የግል ፓይለቶች ቡድን ከግሪክ ደሴት ከቀርጤስ ተነሥቶ ወደ ደቡብ አፍሪካ ኬፕ ታውን ይጓዝ ነበር። ከሱዳን ተሻግረው ጋምቤላ ሲያርፉ የኢትዮጵያ ባለሥልጣናት ያለ ፈቃድ የአየር ክልል ገብታችኋል ብለው ያዟቸው። ከሁለት ቀን ገደማ በኋላ ተለቀው ወደ ኬንያ ቀጠሉ። ጊዜው አገሪቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ላይ የነበረችበት ወቅት ነው፤ በርካታ ትንንሽ አውሮፕላኖች በአንድ ጊዜ በድንበር ከተማ ሲያርፉ የአገሩ ጠባቂ መጠየቁ ተገቢ ነው። ከተጓዦቹ ወገን ሲታይ ደግሞ ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ የመግቢያ ፈቃድ ቁጥሩ በእጅ ሳይገባ፣ መንገዱና ማረፊያው በጽሑፍ ሳይረጋገጥ ሞተር አይነሣም።

የአውሮፕላኑም ወረቀት እንደ አብራሪው ወረቀት ነው። የመመዝገቢያ ምስክር ወረቀት፣ ለበረራ ብቁ ስለመሆኑ የሚመሰክር ሰነድ፣ የበረራ መዝገብና የሬዲዮ ፈቃድ አውሮፕላኑ ውስጥ መገኘት አለባቸው። በ2007 ዓ.ም. አስመላሽ ዘፈሩ የተባለው ኢትዮጵያዊ በገዛ እጁ አውሮፕላን ሠርቶ ለማብረር በሞከረ ጊዜ ብዙ ሰው አደነቀው፤ የወረቀቱ ጥያቄ ግን እዚህም አለ። ሞተሯ 40 የፈረስ ጉልበት ያለው የቮልስዋገን ቢትል ሞተር ነበር፤ ስሟም ኬ 570 ኤ፣ ከእናቱ ከኪሮስ ስምና ለመሥራት ከፈጀበት 570 ቀን የተገኘ ነው። ፓይለት ለመሆን ያመለከተው በቁመቱ አንድ ሴንቲ ሜትር ማነስ ምክንያት ሳይሳካለት ቀርቶ ነው ወደዚህ የገባው። ሙከራው ባይሰምርም፣ እንዲህ ያለ ሰው በሌላ አገር ቢሆን በቤት ለተሠራ አውሮፕላን ተብሎ የተለየ የምዝገባ መደብ፣ በየደረጃው የሚመረምረው ባለሙያም ያገኝ ነበር። ጎበዝ ልጅ በመንደሩ ሜዳ ላይ ብቻውን እንዳይሞክር የሚያደርገው እንዲህ ያለ መንገድ መኖሩ ነው።

ወደ አርብ ገበያው ምሳሌ ስንመለስ፣ ወረቀቱ ሁሉ ቢሟላ እንኳ ተራራው ይጠብቃል። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ፣ የባሕር ዳሩ የደጃዝማች በላይ ዘለቀ አየር ማረፊያ ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። እንዲህ ባለ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ የተለመደው ትንሽ ሞተር ከጉልበቱ አምስተኛውን ያህል ያጣል፤ በሞቃት ቀን ከዚያም ይብሳል፤ ለመነሣት የሚያስፈልገው መንደርደሪያም ይረዝማል። በፍሎሪዳ ዳርቻ ተምሮ የመጣ ሰው ይህንን በእጁ አያውቀውም። ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነው የጉና ተራራ በደብረ ታቦርና በጋይንት መካከል ቆሟል። በዓለም ላይ እጅግ የተስፋፋችው የሴስና 172 አንዷ ዓይነት የመጨረሻ የመውጫ ከፍታዋ 4,267 ሜትር ነው፤ ስለዚህ ጉናን በሚበቃ ልዩነት ከላይ ማለፍ አትችልም፤ ዞራው ነው የምታልፈው። በአሜሪካ ደንብ ከ3,810 ሜትር በላይ ከግማሽ ሰዓት የበለጠ የሚቆይ አብራሪ ኦክስጅን መጠቀም አለበት፤ ከ4,267 ሜትር በላይ ደግሞ ያለ ኦክስጅን አንዲት ደቂቃም አይፈቀድለትም። ሌላ አገር ለጥንቃቄ የሚነበበው ይህ ደንብ ለጋይንት አብራሪ የዕለት ሥራ ይሆናል። ስለዚህ የውጭ ፈቃድ ያለውን ሰው ባለሥልጣኑ እንደገና መፈተኑ ሊያስከፋ አይገባም፤ የአገሩን ሕግ ብቻ ሳይሆን የአገሩን ተራራም ማወቁን ማየት አለበትና።

የግል ፈቃድ አንድ ሌላ ወሰን አለው፤ ሰው አስከፍሎ ማሳፈር አይቻልም። በገበያ ቀን አይሱዙ ላይ ተሳፍሮ ሒሳቡን ለሾፌሩ መስጠት ለለመደ ሰው ይህ ግራ ሊያጋባ ይችላል። ነዳጁን ከተሳፋሪዎቹ ጋር መካፈል በአሜሪካ ይፈቀዳል፤ ነገር ግን አብራሪው ከድርሻው ያነሰ መክፈል የለበትም። በአውሮፓም ሂሳብ መጋራት የሚቻለው አብራሪውን ጨምሮ ከስድስት ሰው ለማይበልጥ በረራ ነው። ከዚህ ካለፈ ንግድ ነው፤ ንግድ ከሆነ ደግሞ ሌላ ፈቃድ፣ ሌላ ምርመራ፣ ሌላ መድን ይጠይቃል። ክልከላው ተሳፋሪውን ለመጠበቅ የተደረገ ነው፤ 40 ሰዓት የበረረ ሰው ልጆቹን አሳፍሮ ሊበር ይችላል፤ ገንዘብ የከፈለ እንግዳን ሕይወት ግን ሕጉ አደራ አይሰጠውም።

የግል በረራ በተለመደባት በጎረቤት ኬንያ፣ ናይሮቢ ላይ ዊልሰን የሚባለው አየር ማረፊያ ለትንንሽ አውሮፕላኖች የተለየ ነው፤ የምሥራቅ አፍሪካ የበረራ ክበብም ከ1927 ጀምሮ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሲሠራ ኖሯል። ኬንያውያን ዛሬ ሐኪምና መድኃኒት በትንሽ አውሮፕላን ወደ ሩቅ ወረዳ የሚልኩት ይህ ልማድ ስላላቸው ነው። በደቡብ ጎንደር ያሉት ስማዳና እስቴ፣ ታች ጋይንትና ላይ ጋይንት ከዚያ ያነሰ የሚያስፈልጋቸው ወረዳዎች አይደሉም። ኢትዮጵያ በአየር መንገዷ ከአፍሪካ ፊት ቀድማ ሳለ በግል በረራ ከኋላ መቅረቷ የችሎታ ማነስ ሳይሆን መንገዱ ያልተከፈተ በመሆኑ ነው። የፈቃድ ማጽደቂያው ደንብ ለተራው ሰው በሚገባ አማርኛ ቢታተም፣ የማረፊያ ሜዳዎች ዝርዝር ቢወጣ፣ ለግል አብራሪዎችም ክበብ ቢፈቀድ ጅማሮው ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

እስከዚያው በውጭ አገር የበረራ ትምህርት ቤት ገንዘብ ሊከፍል የተዘጋጀ ወጣት፣ ልጁን የሚልክም ወላጅ፣ አንድ ብር ከእጁ ከመውጣቱ በፊት ለኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ሁለት ጥያቄ ያቅርብ፦ ይህ ትምህርት ቤት የሚያስገኘውን ፈቃድ ትቀበሉታላችሁ ወይ? ለማጽደቅስ ምን ምን ይጎድለዋል? መልሱንም በጽሑፍ ተቀብሎ ከበረራ መዝገቡ ጋር ያስቀምጠው።